የአባ ጎፈሬ ድንጋይ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ጎበጥ ካለበት ቦታ፣ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። ግድግዳው አለት፣ ጣሪያው ሣር፣ ደጁ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ። የጭላዳ ልጅ፣ የሽኮኮ ልጅ፣ የጦጣ ልጅ፣ የጃርት ልጅ፣ የጅግራ ጫጩት፣ የፍልፈል ልጅ እዚያ ይማራሉ። የምታስተምራቸው ኤሊ ናት። ኤሊ አትቸኩልም፤ ያልገባውን ልጅ ጥላ አትሄድም። ወላጅ ሁሉ ልጁን አምኖ የሰጣት ለዚህ ነው።

ወላጆቹ ኮሚቴ ነበራቸው። ሰብሳቢው አባ ጎፈሬ የሚሉት ጭላዳ ነው። ወይራው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሰብሳቢ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ጎፈሬውን ነፋስ ሲያነሣው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መልክ ሲያበራ ያዩ ሁሉ «ይህ ካልመራ ማን ይመራል» ብለው መረጡት። ጸሐፊው ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ነው፤ ሲጮህ ከወዲያኛው አፋፍ ይሰማል። ገንዘብ ያዡ አያ ጃርት ነው። ለልጆቹ ምሳ የሚዋጣው እህል እሱ ጉድጓድ ይገባል። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ ሊቆጥር የሚጠጋው የለም፤ እሾህ ነዋ። አያ ጃርት ሌባ አልነበረም። ግን አንድም ቀን ተቆጥሮበት ስለማያውቅ፣ አለመስረቁን የሚመሰክርለት አልነበረም።

አባ ጎፈሬም ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ተረት ስንጀምር አለቃውን ጅብ ማድረግ ይቀናናልና። አባ ጎፈሬ ትምህርት ቤቱን ይወድ ነበር። ነገር ግን እሱ ድንጋዩ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ የሁሉም ዓይን ድንጋዩ ላይ ተተከለ። ጣሪያው ሲቀደድ «ሰብሳቢው ያውቃል» ይባላል። ቦዩ በደለል ሲሞላ «ሰብሳቢው አልጠራንም» ይባላል። እሱ ደግሞ ሲጠራ ቁራን ይልካል። ቁራ በመንገዱ ላይ ጥንብ ካየ ምን እንደሚያደርግ ከኖኅ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

አንድ ሐምሌ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ከአፋፉ በላይ ያለው ማሳ ውኃ መጠጣት አቃተውና ጎርፉ መንገድ ፈልጎ የትምህርት ቤቱን ደጅ አገኘ። ቦዩ ሣር በቅሎበታል። ኤሊ ልጆቹን ወደ አለቱ መደብ ስታወጣ አንዲት የጅግራ ጫጩት ተንሸራትታ ወደቀች፤ ውኃው አንጠልጥሎ ወደ ገደሉ ይዟት ሄደ።

ያተረፈቻት እማማ ፍልፈል ናት። ከመሬት በታች ሆና የጎርፉን ድምፅ ስትሰማ የቤቷን ጣሪያ ወይራው ሥር ራሷ ቀድዳ ከፈተችው። ውኃው ወደ ገደሉ መሄዱን ትቶ ወደ ጉድጓዱ ዞረ፤ ጫጩቷንም ይዟት ገባ። ፍልፈል ቤቷ ጠፋ፤ ለክረምቱ ያስቀመጠችው ሥራ ሥር ሁሉ በሰበሰ። ጫጩቷ ግን ዳነች።

እትዬ ጅግራ ስትደርስ ልጇ ጭቃ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ወላጆቹ ዙሪያውን ቆመዋል፤ የሚሉትም አንድ ነው፤ «ቦዩ ይጠረግ ብሎ ማን ጠራን?» አባ ጎፈሬ «እኔማ ልኬ ነበር» አለ። ቁራ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። እትዬ ጅግራ ማንንም አልተቆጣችም። ልጇን ክንፏ ሥር አስገብታ፣ «እኔም ቦዩን በየማለዳው አየው ነበር» አለች። «ልጄን ይዤ ስሻገረው፣ አንዱ ይጥረገው እያልሁ አልፌው ነበር።»

በዚያው ክረምት ማብቂያ አንድ ጎረምሳ ጭላዳ አባ ጎፈሬን ገጥሞ ከቤተሰቡ አስወጣው። የጭላዳ ኑሮ እንዲህ ነው። አባ ጎፈሬ ከቤቱም ከድንጋዩም በአንድ ቀን ወረደ፤ ወደ ታችኛው ገደል ብቻውን ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ወላጆቹ ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። «ሰብሳቢ ጠቁሙ» አለ ቁራ።

ሽኮኮ ጦጣን ጠቆመ። እመት ጦጢት «ልጆቼ ገና አልጠኑም» ብላ ሽኮኮን መልሳ ጠቆመች። ሽኮኮ «እኔ ፀሐይ ካልሞቅሁ መንቀሳቀስ አልችልም» አለ። ጅግራዎቹ ወደ መሬት እያዩ ይጭሩ ጀመር። ከሰዓት በኋላ አንዱ፣ አያ ጃርት በሌለበት ይመረጥ የሚል ሐሳብ አመጣ። ጃርት ሌሊት ወጪ ነው፤ ቀን ይተኛል፤ «አልፈልግም» ሊል አይችልም። እጅ ሊወጣለት ምንም አልቀረውም ነበር።

ይህን ጉባኤ አውቀዋለሁ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ሲመረጥ አይቼዋለሁ፤ ተቀምጬበታለሁም። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል፤ በመጨረሻ አርፍዶ የገባው ወይም ጭራሽ ያልመጣው ይመረጣል። ከዚያ በማግሥቱ እነዚያው ወላጆች ሳይጠሩ መጥተው የተሰበረ ዴስክ ሲጠግኑ፣ ለተቸገረ ልጅ ደብተር ሲገዙ ታያላችሁ። ስለዚህ ወላጅ ሰነፍ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሥራውን አልፈራነውም። የፈራነው ወንበሩን ነው፤ ወንበሩ ላይ የወጣውን ብቻውን እንደምንተወው ሁላችንም ስለምናውቅ ነው።

እትዬ ጅግራ ወደ መካከል ወጣች። «ድንጋዩን ለጊዜው ተዉት» አለች። «ማን ይቀመጥ ከማለታችን በፊት ምን ይሠራ እንበል።»

ቁራ ጮኸ። «አባቶች ምን አሉ? አውራ የሌለው ንብ፣ አለቃ የሌለው ሕዝብ!»

ጊዜው አደይ የሚፈነዳበት፣ ንብ መንጋ የሚሰድድበት ነው። ከጉባኤው በላይ፣ የወይራው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ የንብ መንጋ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዘለላው አንዲት ንብ ወረደችና ድንጋዩ ላይ አረፈች።

«ያን ምሳሌ የሠራው ቀፎውን ከውጭ ያየ ነው» አለች። «አውራችን እናታችን ናት። እንቁላል ትጥላለች፤ ሽታዋ አንድ ቤተሰብ ያደርገናል። ያለ እሷ ቀፎ አይቆምም፤ ይህ እውነት ነው። ግን አዛን አታውቅም። አሁን ቅርንጫፉ ላይ አሥር ሺህ ያህል ነን፤ ቤት ፍለጋ የምንወጣው ጥቂት መቶ ነን። ባዶ ግንድ ወይም የአለት ስንጥቅ ያገኘች ተመልሳ ትጨፍራለች፤ ጭፈራዋ አቅጣጫውንና ርቀቱን ይናገራል። ቤቱ መልካም ከሆነ ደጋግማ ትጨፍራለች፤ ደካማ ከሆነ ቶሎ ትተወዋለች። ያየቻትም እህቷ በወሬ ብቻ አብራ አትጨፍርም። በርራ ሄዳ፣ ገብታ፣ ለክታ፣ ራሷ አይታ ነው። አንዱ ቦታ ላይ በቂ ንብ ሲገናኝ ያን ጊዜ እንነሣለን። አውራችን አብራን ትበርራለች እንጂ ወዴት እንደምንሄድ አልመረጠችም።»

«ሥራውንስ ማን ያከፋፍላችኋል?» አለች እመት ጦጢት።

«ዕድሜ። የተወለደች መጀመሪያ የተወለደችበትን ቤት ትጠርጋለች። ከዚያ ሕፃናት ትመግባለች፤ ከዚያ ሰም ትሠራለች፤ በር ትጠብቃለች፤ መጨረሻ ላይ ወደ አበባ ትወጣለች። ሁሉም ሥራ በእያንዳንዳችን እጅ ያልፋል። ስለዚህ ‹ያ የማን ሥራ ነው› የምትል ንብ የለችም፤ ሠርታው ታውቃለችና።»

ይህ የተረት ማሳመሪያ አይደለም። የንብን የጭፈራ ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ንቦች አዲስ ቤት ሲመርጡም እንዲሁ በጭፈራ እንደሚመክሩ ያየው የእሱ ተማሪ ማርቲን ሊንዳወር ነው። ምሳሌያችን እናትነትን ከአለቅነት ጋር አደባልቆት ኖሯል።

ወላጆቹ ያን ቀን ሰብሳቢ ሳይመርጡ ተነሡ። በምትኩ ቀይ አፈር በጥብጠው የአለቱ ግድግዳ ላይ ሥራውን ሣሉት። ጠመዝማዛ መስመር ቦዩ ነው። ሦስት ጭረት የጣሪያ ሣር። ክብ ነጥቦች የምሳ እህል። የእግር ዱካ ደግሞ ልጆቹን ከአነር የሚጠብቅ የመንገድ ዘብ። ከሥዕሉ ሥር የፈቀደ የእግሩን አሻራ ያሳርፋል። አሻራው እስከ ጨረቃ ሙላት ነው፤ ከዚያ ይታጠባል፤ ሌላ ይተካል። እኛ ሰዎች ይህን አናጣውም። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ በዚህ ወር በሚካኤል የደገሰ ለቀጣዩ ወር እንግዳ ነው። ተረኛ ይባላል እንጂ ባለሥልጣን አይባልም። በደቦም ጊዜ ዛሬ የእኔ እርሻ ነው፤ ነገ የአንተ። ትምህርት ቤት በር ላይ ስንደርስ ግን ይህን ሁሉ ከውጭ ትተን እንገባለን። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቃለ ጉባኤና ማኅተም ያለበት ቦታ የእኛ የራሳችን ብልኃት የማይበቃ ስለሚመስለን ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ወር ያምር ነበር። ቦዩ ተጠረገ። የጣሪያው ቀዳዳ ተደፈነ። ልጆቹ ግድግዳውን እያዩ «የእናቴ እግር ያ ነው!» ይባባሉ ነበር።

ከዚያ ችግሩ መጣ፤ የመጣውም ማንም ካልጠበቀው በኩል ነው።

እመት ጦጢት የምትኖረው ወይራው ላይ ነው። ሁልጊዜ አለች፤ ሁሉን ታያለች። ጥሩው ሣር የት እንደሚበቅል፣ እህሉ ስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ታውቃለች። ስለዚህ የቸገረው ሁሉ እሷን ጠየቀ። ኅዳር ላይ ግድግዳውን የሚያነብ ቀነሰ። ጥር ላይ ግድግዳውን የሚያየው ጠፋ፤ «ጦጢትን ጠይቁ» ነው መልሱ። አንድ ቀን ሽኮኮ፣ ምሳው ረፋድ ላይ ቢሆን ትናንሾቹ አይራቡም የሚል ሐሳብ አነሣ። እመት ጦጢት ዝም አለች፤ ሐሳቡም ዝም አለ። ሽኮኮ ከዚያ ወዲህ ሐሳብ አላነሣም።

አባ ጎፈሬ ቢሆን ኖሮ ይሻር ነበር። ያልተሾመን ማን ይሽረዋል?

አያ ጃርትም ነበረ። አሻራው ግድግዳው ላይ ስለሌለ «ጃርት አኩርፏል፤ ጃርት ልጁን ጥሎ ተኝቷል» ይባል ነበር። አንድ ሌሊት እትዬ ጅግራ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ከዛፉ ላይ ሆና ስትመለከት፣ በጨረቃ ብርሃን ግድግዳው ሥር የቆመ ጥላ አየች። አያ ጃርት ነው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በአፍንጫው እየነካ ያነብባል።

«አያ ጃርት፣ ምን ትሠራለህ?»

«ምን እንደተባለ አያለሁ» አለ። «ስብሰባችሁ እኩለ ቀን ነው። እኔ ያን ጊዜ መሬት ውስጥ ነኝ። ስመጣ ሁሉም አልቆ፣ ሁሉም ተይዞ አገኘዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ለልጄ ስቆፍር ነው የማድረው፣ እትዬ ጅግራ። ሰነፍ አይደለሁም።»

ሌሊት ዘበኛ የሆነ አባት፣ ከንጋት በፊት ጉልት የምትወጣ እናት ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የሚጠሩት ሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ነው፤ ባለመምጣታቸውም ለልጃቸው ግድ እንደሌላቸው ይቆጠራል።

እትዬ ጅግራ በማግሥቱ ማታ ወደ ወይራው ሄደች። እመት ጦጢት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሹ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ፀጉሩ ተድበልብሏል፤ ቆሻሻ ይዟል።

«ጦጢት፣ ልወቅስሽ አልመጣሁም» አለቻት። «ደክሞሻል?»

እመት ጦጢት ብዙ ቆይታ መለሰች። «ከጥቅምት ወዲህ የልጄን ፀጉር አልለቀምሁለትም። በነጋ በጠባ ይጠሩኛል። አልሄድም ብል ልጆቹ ይራባሉ፤ ብሄድ ደግሞ ‹ጦጢት ሁሉን ያዘችው› ይሉኛል። ማን ጫነብኝ? ማንም። ማን ያውርድልኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ። እትዬ ጅግራ ወደ ቅርንጫፉ ወጣች፤ የጦጢትን ልጅ ወደ ራሷ ጎትታ በምንቃሯ ፀጉሩን ትለቅም ጀመር። ጅግራና ጦጣ እንዲህ ሆነው አመሹ።

የካቲት ላይ ወላጆቹ ሁለት ጊዜ ተገናኙ፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት። ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛው፣ ግድግዳው ላይ የተሣለ ሐሳብ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳያድር አይጸናም፤ ቀን የሚያየውም ሌሊት የሚያየውም ይየው። ሁለተኛው፣ በየሥራው ሥር ሁለት አሻራ ይሁን፤ አንዱ ሥራውን የሚያውቅ፣ አንዱ የሚማር። ጨረቃ ስትሞላ የሚያውቀው ይወጣል፤ የተማረው ሌላ ያስተምራል። እመት ጦጢት የምታውቀውን ሁሉ በሦስት ወር አወረሰች። የመጀመሪያው ተማሪዋ ሽኮኮ ነበር። ምሳውም ረፋድ ላይ ሆነ።

የምሳው እህል ከአያ ጃርት ጉድጓድ አልወጣም፤ ሌሊት ዘብ መቆም የሚችል እሱ ነውና። ጉድጓዱ ግን ከሦስት የተለያየ ዘር የሆኑ ወላጆች ካልተገኙ አይከፈትም ተባለ።

መጋቢት ላይ ንስር ከላይኛው ቢሮ መጣ። ለትምህርት ቤቶች የሚታደል አሞሌ ጨው ይዟል። ድንጋዩ ላይ አርፎ ዙሪያውን አየ። «ሰብሳቢያችሁ ማን ነው? ማን ነው የሚፈርምልኝ?»

«የለንም» አለ ቁራ። አባባሉ እንደ ድሮው አልነበረም፤ የዚያን ወር የመንገድ ዘብ እሱ ነበርና አነሩን ሁለት ጊዜ አባርሯል።

«አለቃ ለሌለው ንብረት አላስረክብም» አለ ንስር። በንስር መፍረድ አልችልም። የሰጠ የሚጠይቀውን ማወቅ አለበት፤ የሕዝብ ንብረት ያለ ተጠያቂ ሲበተን ብዙ ያየ ነው።

የወሩ ተረኞች ወጡ፤ ሽኮኮ፣ እትዬ ጅግራና ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው አያ ጃርት። «እስከ ጨረቃ ሙላት የምትጠይቁት እኛን ነው» አለች እትዬ ጅግራ። «ከዚያ በኋላ የምትጠይቁት ከእኛ ቀጥሎ አሻራው ያረፈውን። ግድግዳው ይኸውላችሁ፤ ማን ምን እንደያዘ ያለበት ነው። ደግሞ ከመቀበላችን በፊት ያለንን ቁጠሩ።»

ጉድጓዱ ተከፈተ። አያ ጃርት እሾሁን አስተኝቶ ቆመ። እህሉ በመላው ወላጅ ፊት ተሰፈረ፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ክብ ነጥቦች ጋር ተመሳከረ። ልክ ሆነ። እንደገና ተሰፈረ። ልክ ሆነ። አያ ጃርት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥሮበት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ ከክፍል ወጥቶ አባቱን ያያል። ጃርት ምንም አልተናገረም፤ ጉድጓዱን ሲዘጋ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የንስር መዝገብ አንድ ስም የሚገባበት ቦታ ብቻ ነበረው። ሦስቱን አሻራ አጣብቦ አስገባቸው። አሞሌውን አስረክቦም በረረ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ደመናው ከጀማ ወዲያ መሰብሰብ ሲጀምር፣ አባ ጎፈሬ ከታችኛው ገደል ወጣ። ጎፈሬው ሳስቷል፤ የደረቱ ቀይ ደብዝዟል። በእጁ የልጅ ልጁን ይዟል። ወይራው ሥር ቆሞ ድንጋዩን ፈለገ፤ አጣው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባ ጎፈሬ» አለች ከመሬት ብቅ ያለችው እማማ ፍልፈል። «ድንጋዩን ነው? ቦዩ ላይ ነው። ትናንሾቹ መሻገር ሲቸግራቸው ድልድይ አደረግነው።»

አባ ጎፈሬ ሄዶ አየው። የልጅ ልጁ እጁን ለቃ በድንጋዩ ላይ ተሻገረች፤ ኤሊ ወዳለችበት ገባች። እሱ ግን ወዲህ ማዶ ቀረ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሥዕሎቹን ተመለከተ፤ ጠመዝማዛው መስመር ሥር የፍልፈልን ትንሽ አሻራ አየ፤ ሦስቱ ጭረት ሥር ግን አንድ አሻራ ብቻ ነበር።

«ሣሩን የያዘው ብቻውን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ይዣለሁ» አለች እማማ ፍልፈል። «ቦዩን መቆፈር ለእኔ ምንም አይደል። ሣር መንቀል ግን አልሆነልኝም፤ ጥፍሬ ለአፈር ነው። የሚያስተምረኝ ጠፋ።»

አባ ጎፈሬ ጣቶቹን አየ። ከአራዊት ሁሉ እንደ ጭላዳ ሣር መንቀል የሚችል የለም፤ ውሎው እሱ ነው፤ ጣቱ ከጣቱ ተጋጥሞ አንዲቱን ዘንግ ከሌላዋ ለይቶ ያወጣል። ያን ሁሉ ዓመት ጣሪያው ሲያፈስስ እነዚህ ጣቶች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማንም «ና ሣር ንቀል» አላለውም፤ ሰብሳቢ ነዋ።

እግሩን ቀይ አፈሩ ውስጥ ነከረና ከፍልፈል አሻራ አጠገብ አሳረፈው።

«እስከ ጨረቃ ሙላት ነው» አለች ፍልፈል።

«ይሁን። ሣሩ ወዴት ነው?»

እማማ ፍልፈል ፊት ፊት ሄደች፤ አባ ጎፈሬ ተከተላት። ከአፋፉ ጫፍ ሲደርሱ ጎንበስ አለ፤ «እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ከሥሩ ሳይሆን ከአንገቱ» ብሎ የመጀመሪያውን እፍኝ ነቀለ። ከወዲያኛው አፋፍ ዝናቡ እየመጣ ነበር።